የአያትሽን ባለ ሦስት መስታወት ጠረጴዛ ማሽን አታስነኪው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። አያቴ ስታርፍ የመኳኳያ ጠረጴዛዋ ለእኔ ደረሰኝ። ባለ ሦስት መስታወት ነው። የመሃሉ ትልቅ ነው፣ የግራና የቀኙ ይታጠፋሉ። ጥግ ጥጉ ክብ ነው። አምስት መሳቢያ አለው። እጀታዎቹ ቡናማ ፕላስቲክ ይመስላሉ። አያቴ ‹በባቡር ነው የመጣው› ትል ነበር። በ1998ቱ ጎርፍ እግሩን ውሃ ነክቶት ከታች በኩል ላዩ ተላጧል። ጠረጴዛው ላይ ነጫጭ የብርጭቆ ክቦች አሉ። መስታወቱ ጠርዝ ጠርዙ ጠቁሯል። መሳቢያዎቹም ይነክሳሉ። ከሠርጌ በኋላ ኮንዶሚኒየም ልገባ ነው። አናጺው ‹በማሽን ልላጨው፣ ነጭ ልቀባው፣ መስታወቱንም ልቀይረው› አለኝ። እጮኛዬ ደግሞ አዲሱን ባለ መብራት እንግዛ ይላል። ለመሆኑ አንቲክ ነው? የትኛው ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለአናጺው ደውይና ማሽኑን ያቆይልሽ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ክብ ጥግ ያለው እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ከወፍራም ጣውላ አይፈለፈልም። ሥሩ ተራ እንጨት ወይም ኮምፔርሳቶ ነው። መልክ የሚሰጠው ከላይ በኮላ የተለበጠበት ስስ እንጨት ነው። የዚህ ልባስ ውፍረት ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የብርጭቆ ወረቀት የሚያዞረው ማሽን አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ከቆመ ልባሱን በልቶ ሥሩን ያወጣዋል። ይሄ ደግሞ መመለሻ የለውም። ከዚያ በኋላ ነጭ ቀለም ምርጫ መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል። ነጭ ተቀብተው የምታያቸው ብዙ አሮጌ ጠረጴዛዎች ታሪካቸው ይሄው ነው። አናጺሽ ክፉ አስቦ አይደለም። አዲስ ዕቃ መሥራትና አሮጌ ዕቃ መጠገን ግን ሁለት የተለያየ ሙያ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በንግዱ ልማድ አንቲክ የሚባለው 100 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ከዚያ ያነሰ ዕድሜ ኖሮት የዘመኑን መልክ ይዞ የቆየው ቪንቴጅ ይባላል። ያንቺ ከአገላለጽሽ ቪንቴጅ ይመስላል። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ክብ ጥግ፣ የሚታጠፍ መስታወት፣ ቡናማ እጀታ፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአውሮፓም በአሜሪካም የገነነ መልክ ነው። የአያትሽ የባቡር ወሬም ያስኬዳል። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተወለደችው በእሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከዚራ በሚባለው የድሬ ሰፈር ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ጣልያኑም ኖሯል፤ ከእነሱ የተረፈ ዕቃ ዛሬም በየቤቱ አለ። ባቡሩ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ስለሠራ «በባቡር መጣ» ማለት ብቻውን ዕድሜ አይነግርሽም።

ዕድሜውን ከዕቃው ላይ ማንበብ ትችያለሽ። መሳቢያ አውጪና ገልብጪው። ፊቱና ጎኑ የሚገናኙበትን ጥግ እይ። ጥርስ በጥርስ ተጋጥሞ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥርሶቹ መጠናቸው የተለያየና ትንሽ የተዛነፉ ከሆኑ በእጅ ተቆርጠዋል። አንድ ወጥ ከሆኑ ማሽን ነው የሠራቸው። የመሳቢያው ወለል ኮምፔርሳቶ ከሆነ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ የመስታወቱን ማጠፊያ ብሎኖች እይ። ጭንቅላታቸው ላይ መስቀል ካለ፣ ያ ዓይነት ብሎን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። አንድ ሰረዝ ብቻ ከሆነ ቀድሞም ሊሆን ይችላል። አንድ ብሎን ብቻ አይተሽ ግን አትፍረጂ፤ ኋላ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም እይ።

እጀታው ባክላይት ሊሆን ይችላል። ባክላይት እ.ኤ.አ. በ1907 የተፈለሰፈ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ ነው። በአውራ ጣትሽ እስኪሞቅ ድረስ ፈትጊውና አሽቺው። ስል ያለ የመድኃኒት ዓይነት ሽታ ካለው ባክላይት ነው። ከሆነ አንድም እጀታ እንዳትጥይ። የተሰነጠቀውም ይቀመጥ።

ስለ ዘሩ ትንሽ ልጨምር፣ ጠረጴዛሽ ለምን እንዲህ እንደተሠራ ስለሚገባሽ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የመኳኳያ ጠረጴዛ የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር። ዣን ፍራንሷ ኦቤን የሚባል የታወቀ ባለሙያ ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወዳጅ ለማዳም ደ ፖምፓዱር የሠራው አንድ ጠረጴዛ ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. የ1760ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ነው። ላዩ ወደ ኋላ ሲሸሽ መሳቢያው ወደ ፊት ይመጣል። በዚያው ዘመን ክዳኑ ሦስት ቦታ የሚከፈትም ነበር፤ የመሃሉ ክዳን ሲነሳ ከሥሩ መስታወት ይወጣል፣ ሲዘጋ ተራ ጠረጴዛ ይመስላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማሆጋኒ የሚባለው እንጨትና እብነ በረዱ መጣ፤ ዕቃው ከበደ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ መኳኳል በአደባባይ ነውር መሆኑ ቀረ። ፋብሪካዎችም ለተራው ቤተሰብ መሥራት ጀመሩ። ጠረጴዛው ዝቅ አለ፣ መስታወቱ ትልቅ ሆነ፣ ሁለት ክንፍም ወጣለት። ክንፉ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሁለቱን ትንሽ ወደ ራስሽ ስታጥፊያቸው የራስሽን ጀርባ ታያለሽ። አያትሽ ሹሩባዋን ተሠርታ የኋላውን ያየችው በእነሱ ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ይህን አያደርግም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ጠረጴዛውን ያዢው። አትላጪው፣ አትቀቢው። የላላውን አጥብቂ፣ የተነሳውን ለጥፊ፣ የቆሸሸውን አጽጂ። ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ከጎርፉ ጉዳት እንጀምር፤ ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ጠረጴዛውን በጎኑ አስተኚና እግሩን ከሥር እይ። የደረቀ ጭቃ ካለ በደረቅ ብሩሽ አራግፊው። ውሃ አታፍስሺበት። ከዚያ በጥፍርሽ እየነካካሽ ዙሪያውን አዳምጪ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልባሱ የለቀቀበት ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ዕቃ የሚጣበቀው ከከብት ቆዳና አጥንት በሚሠራ ኮላ ነበር። ይህ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት መልሶ ይለሰልሳል። ያንቺን ያስለቀቀው ይሄው ጠባዩ ነው፤ ለጥገናም የሚመቸው እሱው ነው። ልባሱ ተነስቶ ኮላው ግን ከሥሩ ካለ፣ እርጥብ ጥጥ ጨርቅ አልብሰሽ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኚው። ከዚያ በጠፍጣፋ እንጨትና በክብደት እስኪቀዘቅዝ ያዢው። ኮላው በጎርፉ ታጥቦ ከሄደ በስስ ቢላ ውስጡን ጠርገሽ አዲስ ኮላ አስገቢና አንድ ቀን ሙሉ አስሪው። የረገፈ ቁራሽ ካገኘሽ በፖስታ አስቀምጪ። ያ ቁራሽ ከየትኛውም አዲስ እንጨት ይሻላል፣ መልኩ የዚያው ነውና። ካውያውን ግን ከታች ብቻ ተጠቀሚ። ጠረጴዛው ላይ፣ የሚያብለጨልጨው ገጽ ላይ፣ እንዳታሳርፊው።

ያ ገጽ ምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ዕቃውን የሚያበላሸው። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ ከኋላ በኩል፣ በጥጥ ጫፍ ትንሽ አልኮል አስነኪ። ከተጣበቀና ጥጡ ቡናማ ከሆነ ገጹ ሼላክ ነው፤ የድሮ አናጺዎች ጎማላካ የሚሉት። ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ በአልኮል ሟሙቶ በጨርቅ የሚቀባ ነው። ውበቱ ወደር የለውም። ጠላቶቹ ግን ሁሉም መኳኳያ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ናቸው። ሽቶ አልኮል ነው፤ ከፈሰሰ ይበላዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ይጎዳዋል። የፀጉር ካውያ ያቀልጠዋል። የዕጣን ማጨሻም እንዲሁ፤ በእኛ አገር ስንት ጠረጴዛ ላይ ክብ የተቃጠለ ምልክት አይቻለሁ። ቀሲል (ፊት የሚቀባውን የቅጠል ዱቄት) ወይም ሂና የምትበጠብጪ ከሆነም ሳህኑን ትሪ ላይ አድርጊው። ሂና ልባስ ውስጥ ከገባ አይለቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በልኩ የተቆረጠ መስታወት ላዩ ላይ አስተኚበት። ከሥሩ ትናንሽ የወፍራም ሱፍ ጨርቅ ክቦች አድርጊ፣ አየር እንዲገባ።

የብርጭቆ ክቦቹ ነጭ ናቸው ብለሻል። ደስ የሚል ዜና ነው። ነጭ ከሆነ እርጥበቱ ገጹ ላይ ቀርቷል፣ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። ቫዝሊን ቀብተሽ አሳድሪና በነጋታው በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይጠፋል። ጥቁር ክብ ካለ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። እሱን ለባለሙያ ተዪው፣ ወይም እንዳለ ይኑር።

ለጽዳት ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ወዲያው አድርቂው። የምትቀቢው ነገር ከፈለግሽ የማር ሰም ከምንም ይሻላል። አንድ እጅ ሰም በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጪ። ከእሳቱ አውርጂውና ራቅ አድርገሽ ሁለት እጅ አኳራጅ (ቀለም ማቅጠኛውን ፈሳሽ) ጨምሪ። አኳራጅ እሳት ስለሚስብ ምድጃው አጠገብ አትሞክሪው። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው አቀባብ ድሬ ላይ አይሠራም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ወፍራም ሰም ይለሰልሳል፤ ከዚያ የድሬን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። በጣም ስስ አድርገሽ ቀቢና እጅሽ እስኪደክም ወልውዪው።

መሳቢያዎቹ ይነክሳሉ አልሽ። መቼ? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይሰበሰባል። በክረምት ብቻ የሚነክስ መሳቢያ ጤነኛ ነው። መንሸራተቻው ላይ ደረቅ ሻማ ብትፈትጊበት ይበቃዋል። በበጋ ድርቅም የሚነክስ ከሆነ ግን ችግሩ እብጠት አይደለም። ወይ መንሸራተቻው ተበልቷል፣ ወይ ጎርፉ እግሩን አሳጥሮት መሳቢያዎቹን የያዘው ሙሉ ቋት ተዛንፏል። ጠረጴዛውን በውሃ ልክ ለኪው። ከተዛነፈ ከእግሩ ሥር ስስ እንጨት አስገቢና እንደገና ሞክሪ። ብዙ ጊዜ መሳቢያው በዚያው ይስተካከላል። አናጺ መሳቢያውን ጎኑን ልላጨው ካለሽ እምቢ በይ፤ በድርቁ ጊዜ ይንቀጠቀጥብሻል።

ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችም ካሉ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፊና ጥቂት ቀን ጠብቂ። አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከወደቀ ነቀዙ ሕይወት አለው። ሳታክሚው አዲስ ቤትሽ እንዳታስገቢው።

መስታወቱ ጋ ደረስን። እዚህ ላይ ከአናጺሽ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1835 ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ መስታወት በብር የሚለበጥበትን መንገድ አገኘ። ከዚያ በፊት የነበረው ቆርቆሮና ሜርኩሪ ነበር፤ ሜርኩሪውም ሠራተኛውን ይመርዝ ነበር። በጠረጴዛሽ ዘመን የነበረው መስታወት በብር የተለበጠ ነው። እርጥበትና አየር በጠርዙ ገብቶ ብሩን ያጠቁረዋል። ጥቁሩን ፍቆ ማስለቀቅ አይቻልም፤ ብሩም አብሮ ይሄዳል። የመስታወት ማጽጃም በቀጥታ አትርጪበት። ፈሳሹ ወርዶ በጠርዙ በኩል ይገባና ያባብሰዋል። ጨርቁ ላይ ርጪና ጥረጊ።

ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ እባክሽ ተዪው። ፊትሽ የሚያርፍበት መሃል ላይ ከደረሰ የመሃሉን ብቻ ቀይሪ። የሁለቱ ክንፍ ይቆይ። ስትቀይሪ ሁለት ነገር ጠብቂ። አንደኛ፣ የድሮው ጠርዙ ተሞርዶ ሰያፍ የሆነ ከሆነ አዲሱም እንደዚያው ይሞረድ። ሁለተኛ፣ ውፍረቱ ይለካ። ሳስቶ ከመጣ ማቀፊያው ውስጥ ይንኳኳል፤ ወፍሮ ከመጣ ማጠፊያው አይችለውም። የወጣውን መስታወት አትጣይው። በጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪ። አንድ ቀን የሚሸጥ ወይም ለልጅ የሚተላለፍ ከሆነ፣ የራሱ መስታወት ያለው ጠረጴዛ ዋጋው ሌላ ነው።

አሁን የእጮኛሽ ሐሳብ። እሱም ትክክል የሆነበት ነገር አለ፤ መብራት። ግን መብራት ለማግኘት ጠረጴዛ መቀየር አያስፈልግም።

ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ የምታዩት ባለ መብራት ጠረጴዛ በአብዛኛው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ነው። ኤምዲኤፍ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው። መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። ቀጥ ያለ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ቀለምም ይይዛል። ጠላቱ ውሃ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ቤቱ ቀዝቀዝ እንዲል ወለል በውሃ እናጥባለን። የኤምዲኤፍ እግር ያንን ውሃ ከሥር ይስበዋል፤ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ብሎኑም ተፈትቶ ሲታሰር መያዣው ይላላል። ቤት የምትቀያይሩ ከሆነ ይሄ ይሰማችኋል። ልትገዙ ከወሰናችሁ እግሩ ብረት ወይም የጎማ ጫማ ያለው ይሁን። ጠርዙ ሁሉ የታሸገ ይሁን፣ የማይታየው የታችኛው ጠርዝ ጭምር። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ሳቡትና ከላይ በእጃችሁ ተጫኑት፤ ካጎነበሰ ተዉት። ከዚያ ይልቅ ለጎበዝ አናጺ በዋንዛ ማሠራት የተሻለ ነው። ዋንዛ ለሥራ ይመቻል፣ መልኩም እየቆየ ያምራል። ደረቅ መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ እርጥብ ጣውላ በድሬ ሙቀት ይጣመማል።

ብታሠሩ ልኩ ይሄ ይሁን። የጠረጴዛው ከፍታ ከ71 እስከ 76 ሴንቲሜትር። መቀመጫው ከ43 እስከ 48። ጉልበት የሚገባበት ክፍት ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ስፋት ይኑረው። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ወርዱ ከ40 እስከ 50 ይበቃል፤ ከዚያ ከሰፋ ወደ መስታወቱ እያጎነበስሽ ወገብሽን ታምሚያለሽ። በዚህ ልክ የአያትሽንም ለኪው። በእሱ ዘመን ብዙው ዝቅ ያለ ነበር፣ የሚቀመጡበትም ዱካ አጭር ነበር። ስለዚህ ተራ ወንበር አምጥተሽ «አይመችም» እንዳትዪ። አጭር ዱካ አሠሪለት፤ ችግሩ ያልቃል።

የመብራቱ ነገር እንዲህ ነው። ከላይ ከጣሪያ የሚመጣ መብራት ዓይንና አገጭ ሥር ጥላ ይጥላል። የሚያስፈልግሽ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ፣ በፊትሽ ቁመት፣ ሁለት እኩል መብራት ነው። ካርቶኑ ላይ ከ3000 እስከ 4000 ኬልቪን የሚል ምረጪ። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሰጥሽ 6500 ነው፤ ሰማያዊ የሚመታ ነጭ። በዚያ ስትኳኳዪ ፊትሽ የገረጣ ስለሚመስልሽ ታበዢዋለሽ፤ ፀሐይ ላይ ስትወጪ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ። የቀለም ታማኝነት መለኪያው (CRI የሚለው) ደግሞ 90ና ከዚያ በላይ ይሁን። ሁለት የሚቆሙ መብራቶች ገዝታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። እንጨቱ ላይ አንድም ብሎን አትምቱ። ይሄ የእጮኛሽ ድርሻ ይሁን፣ የሠርግ ስጦታም ይሆናል።

ቀን ቀን ከመስኮት ብርሃን የሚበልጥ የለም። ጠረጴዛውን መስኮቱ በጎንሽ እንዲሆን አድርጊ። ጀርባሽን ለመስኮት ከሰጠሽ ፊትሽ ይጨልማል። ግን የድሬ ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ቦታ አይሁን፤ ልባሱን ያነጣዋል፣ ኮላውንም ያደርቀዋል። ኤሲው ወይም ቬንትሌተሩ በቀጥታ የሚነፋበት ቦታም አይሁን። ከግድግዳው ሦስት አራት ሴንቲሜትር አርቂው፣ ከኋላው አየር ይዘዋወር።

ወደ ኮንዶሚኒየም ስትወስጂው አንድ ቀን ቀደም ብለሽ የደረጃውን መታጠፊያ ለኪ። መስታወቶቹን ከነማጠፊያቸው አስፈቺ። ብሎኖቹን በየመስታወቱ ለይተሽ በፌስታል አድርጊና ጻፊባቸው። መስታወት በተኛበት አይጓዝም፤ በጠርዙ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ፍራሽ መሃል ይሂድ። መሳቢያዎቹ ወጥተው ለብቻቸው ይጫኑ። ጠረጴዛውን የሚሸከሙት ሰዎች ከላይኛው ገጽ ጠርዝ እንዳይዙት ቁሚና ንገሪያቸው። ከታች፣ ከዋናው ቋት ይያዝ።